ዲግሪ ይዞ ወደ መምህርነት መግባት፦ በአሜሪካ ሙያ ለሚቀይሩ ያለው አማራጭ መንገድ

"ጋሼ፣ የተመረቅኩት በባዮሎጂ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እንደገና አራት ዓመት ሳልማር አስተማሪ መሆን እችላለሁ?"

ይህን የጠየቀችኝ ቨርጂኒያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ዘጠኝ ዓመት የሠራች እህት ናት። ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት የቤተ ሙከራ ሥራዬን ትቼ ኬሚስትሪ ለማስተማር ስነሳ እኔም ይህንኑ ጠይቄ፣ ከአምስት ሰው አምስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። አንዱ "በሦስት ወር ያልቃል" አለኝ፤ ሌላው "ማስተርስ የግድ ነው" አለኝ። ሁለቱም አልዋሹኝም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ስቴትና ስለተለያየ መንገድ ነበር። ለእሷ በስልክ የነገርኳትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አጭሩ መልስ "አዎ፣ ትችያለሽ" ነው። ረጅሙ መልስ ግን የሚያስፈልገው እዚያ አጭር መልስ ላይ ተመሥርተው ገንዘባቸውን ለማይሆን ፕሮግራም የከፈሉ፣ ወይም የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርሱ ጥለው የወጡ ሰዎችን ስለማውቅ ነው።

በአሜሪካ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። በተለመደው መንገድ ወጣቱ ኮሌጅ ገብቶ የመምህርነት ትምህርት ይማራል፤ በመጨረሻው ዓመት አንድ ሴሚስተር ያህል በነባር መምህር ሥር ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ይለማመዳል፤ ፈተናውን ያልፋል፤ ከዚያ ፈቃዱን ይዞ ሥራ ይፈልጋል። መሠልጠን ይቀድማል፣ መቀጠር ይከተላል።

አማራጩ መንገድ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። በሌላ ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው አጭር የመግቢያ ሥልጠና ይወስዳል፣ ሊያስተምር የሚፈልገውን ትምህርት እንደሚያውቅ በፈተና ያሳያል፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ይዞ ይቀጠራል። የቀረውን ሥልጠና ደመወዝ እየተከፈለው፣ ማታ ማታና ቅዳሜ፣ እያስተማረ ይጨርሳል። አገር ቤት ፒጂዲቲ የሚባለውን የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይከብደውም፤ እዚያም የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ዲግሪ ያለው ሰው የማስተማር ጥበቡን ለብቻው ይጨምርበታል። እዚህ የሚለየው፣ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያ ጥበብ የሚጨመረው ሰውየው የራሱን ክፍል ከተረከበ በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ "አቋራጭ" የሚለው ስም ያሳስታል። ሥልጠናው አልቀረም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። የምትሳሳቱት በማስታወሻ ደብተር ላይ ሳይሆን ዓመቱን አንድ ጊዜ ብቻ በሚማሩ የሰው ልጆች ፊት ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው፤ ፕሮግራም ስትመርጡ በስንት ወር እንደሚያልቅ ከመጠየቃችሁ በፊት በመጀመሪያው ዓመት ማን ከጎናችሁ እንደሚቆም ጠይቁ።

መንገዱ ከየት መጣ

ይህ አሠራር የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ከመምህራን ኮሌጅ ውጭ የሚመጡ ባለ ዲግሪዎችን የሚቀበል በር ከፈቱ። በ1990 ቲች ፎር አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ወጣት ምሩቃን ወደ ድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ላከ። ትሩፕስ ቱ ቲቸርስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከጦር ሠራዊት የሚሰናበቱ ሰዎችን ወደ መምህርነት ለማምጣት በ1990ዎቹ ተቋቋመ። በ2000 የኒው ዮርክ ከተማ ቲቺንግ ፌሎውስ የሚባል የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። የብዙዎቹ ዋና መነሻ አንድ ነው፦ የሒሳብ፣ የሳይንስና የልዩ ፍላጎት መምህር መጥፋት። ኬሚስትሪ ያጠና ሰው ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል የተሻለ እየከፈለው ወደ ትምህርት ቤት አይመጣም፤ ከመጣም ሌላ ሙያ ከሠራ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። በአንዱ ጫፍ የቴክሳስ ዓይነቱ አለ፤ ቢያንስ 300 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፣ ግን ከፊሉን ብቻ ጨርሳችሁ የትምህርቱን ፈተና ካለፋችሁና ዲስትሪክት፣ ማለትም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ከቀጠራችሁ የኢንተርን ሰርተፊኬት የሚባለውን ጊዜያዊ ፈቃድ ይዛችሁ ክፍል ትገባላችሁ። በሌላው ጫፍ ሬዚደንሲ የሚባለው አለ፤ በቺካጎና በቦስተን በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ሲሆን ሐሳቡን ከሐኪሞች ነው የወሰደው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎበዝ መምህር ክፍል ውስጥ አብራችሁ ትውላላችሁ፣ አነስተኛ ክፍያ ታገኛላችሁ፣ የራሳችሁን ክፍል የምትረከቡት በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ2022 ደግሞ ቴነሲ ቀዳሚ ሆና መምህርነትን እንደ ኤሌክትሪሺያንና እንደ ቧንቧ ሠራተኛ በፌዴራል የተመዘገበ የሥራ ላይ ልምምድ አድርጋለች፤ ዲግሪ የሌላቸው የክፍል ረዳቶች እየሠሩ ዲግሪውንም ፈቃዱንም እንዲያገኙ ነው። ቤተሰብ የማታስተዳድሩ ከሆነ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ ገቢ አንድ ዓመት የሚያሻግራችሁ ከሆነ፣ እኔ ያለ ማመንታት ሬዚደንሲን እመርጣለሁ።

መሀል ላይ የቨርጂኒያው ካሪየር ስዊቸር አለ። ስሙ ራሱ "ሙያ ቀያሪ" ማለት ነው። ባችለር ዲግሪ፣ ቢያንስ የ3 ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድና የፈተና ውጤት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደረጃ 180 ሰዓት ነው፤ ክፍል ገብቶ መመልከትም በዚያው ይቆጠራል። ከዚያ የ1 ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ሜንተር፣ ማለትም የሚያግዛችሁ ልምድ ያለው መምህር፣ ይመደብላችኋል፣ ቢያንስ 20 ሰዓት የሚሆን ሴሚናር ትካፈላላችሁ። በሚገባ ከጨረሳችሁ የሚታደሰውን የ10 ዓመት ፈቃድ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የልዩ ፍላጎት ትምህርት በዚህ በር አለመካተቱን ባለማወቅ ነው፤ ለእሱ ሌላ መንገድ አለ። ኒው ጀርሲ ደግሞ ከመቀጠር በፊት 50 ሰዓት፣ ከተቀጠሩ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ የሚጠናቀቅ ረጅም ሥልጠና ያዛል።

የአገር ቤት ዲግሪ

የእኛ ሰው ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ፈተናው ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ወረቀቱ ላይ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ ዲግሪ በገለልተኛ ድርጅት መገምገም አለበት። ደብሊው ኢ ኤስና ኢ ሲ ኢ በሰፊው የሚታወቁት ናቸው፤ ብዙ ስቴቶች ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ያሉትን ገምጋሚዎች ይቀበላሉ። ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ዝርዝር አለው፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ስቴት የትኛውን እንደሚቀበል ከትምህርት መምሪያው አረጋግጡ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ይህ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለር ጋር ይመጣጠናል" ብሎ ብቻ ያልፋል፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው እሱን ያዝዛል። ለመምህርነት የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ነው፤ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝረው። ስቴቱ ማወቅ የሚፈልገው ዲግሪ እንዳላችሁ ብቻ ሳይሆን ስንት ክሬዲት ኬሚስትሪ፣ ስንት ክሬዲት ሒሳብ እንደወሰዳችሁ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ዓይነት አዝዤ እንደገና ከፍያለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ያመለጠኝ የቅጥር ወቅት ነው።

ሌላው ጊዜ የሚበላው ትራንስክሪፕቱ ነው። ገምጋሚው እቤት ያስቀመጣችሁትን ቅጂ አይቀበልም፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም ድርጅቱ በሚቀበለው ሌላ መንገድ መላክ አለበት። ወጪ መጋራት ያልከፈለ ሰው እሱን ሳይጨርስ ሰነዱ አይንቀሳቀስለትም። ውክልና የሰጣችሁት ወንድም ወይም እህት ሬጅስትራር ቢሮ ተመላልሶ ማስጨረስ ስላለበት፣ ከሁሉ በፊት የሚጀመረው ሥራ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ የትምህርት ዘርፎችን በ3 ዓመት በሚያስመርቁበት ጊዜ የተመረቃችሁ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ፤ የ3 ዓመት ዲግሪን ገምጋሚዎች ሁሉ በአንድ ዓይን አያዩትም። ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቋቸው።

ክሬዲት ከጎደለ ዓለም አላለቀም። ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ በአቅራቢያችሁ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ተምራችሁ መሙላት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህችም እህት የሚጎድላት የሚመስለው የፊዚክስ ክሬዲት ነው።

አንድ ሌላ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። የማስተማር ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የመኖሪያና የሥራ ሕጋዊነት ከፈቃዱ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ገና ያልጨረሰ ሰው ለፕሮግራም ከመክፈሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ፈተናና ቅጥር

አብዛኞቹ ስቴቶች ፕራክሲስ የሚባለውን የትምህርት ዘርፍ ፈተና ይጠቀማሉ፤ ቴክሳስ ቴክሴስ የሚባል የራሷ አላት። ፈተናው የሚመዝነው የምታስተምሩትን ትምህርት ነው። ሙያው ውስጥ የቆየ ሰው የሚወድቀው ከባድ ስለሆነበት ሳይሆን አሥራ አምስት ዓመት ያልነካው ምዕራፍ ስለሚመጣበት ነው። እኔ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በየቀኑ ስለምሠራበት አልፈራሁትም፤ ያስቸገረኝ ኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ ተመልሼ ያላየሁት ስለ አቶም አስኳል የሚጠይቀው ክፍል ነበር። የስድስት ሳምንት ጥናት ይበቃል፤ በነጻ የሚገኘውን የይዘት ዝርዝር አውርዳችሁ የማታውቁትን ብቻ አጥኑ።

የፈተናው ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ኒው ዮርክ ኢዲቲፒኤ የሚባለውን የቪዲዮና የጽሑፍ ምዘና በ2022 ሰርዛለች። ኒው ጀርሲም ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ መሠረታዊ የንባብ፣ የጽሑፍና የሒሳብ ችሎታ ፈተናን አስቀርታለች። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈ ጓደኛ የነገራችሁን እንደ መነሻ ያዙት እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት።

በብዙ ስቴቶች አንድ ቋጠሮ አለ። ሥራ ሳይኖር ጊዜያዊ ፈቃድ አይሰጥም፤ ፈቃድ ሳይኖር ደግሞ ቀጣሪ ያመነታል። ይህ የሚፈታው ፕሮግራሙ በሚሰጠው የብቁነት ደብዳቤ ነው፤ "ይህ ሰው ከተቀጠረ ፈቃዱን ያገኛል" ይላል። ዲስትሪክቶች በአብዛኛው ከአሜሪካው ጸደይ፣ ከማርች ገደማ አንሥቶ እስከ ኦገስት ድረስ ይቀጥራሉ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ባዶ የቀረ ክፍል ማግኘት ቀላል ነው፤ ግን ለምን ባዶ እንደቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ክፍል ባለፈው ዓመት ሁለት ሦስት መምህር የተፈራረቀበት ነው፤ ለጀማሪ የሚሰጠውም እሱ ነው።

የትኛውን ትምህርት ላስተምር ለሚል ሰው መልሱ ከፍላጎትም ከክሬዲትም ይመጣል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የየስቴቱን የመምህር እጥረት ዝርዝር ያወጣል። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ልዩ ፍላጎትና እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ማስተማር በብዙ ቦታ ከዝርዝሩ አይጠፉም። የመጨረሻው ለእኛ የቀረበ ነው። ከሌላ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ላይ ያየ መምህር፣ ዝም ያለው ልጅ አለማወቁና አለመናገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የመጀመሪያው ዓመት

የመጀመሪያ ቀኔን ልናገር። አርባ ስላይድ አዘጋጅቼ፣ ከረባት አስሬ፣ 28 ተማሪዎች ፊት ቆምኩ። ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ስላይዱ በ18 ደቂቃ አለቀ። የቀረው 72 ደቂቃ በሕይወቴ ረጅሙ ጊዜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ኬሚስትሪ አፌ ላይ ነበር፤ የሚያዳምጠኝ ግን አልነበረም። ከኋላ ያሉት አራት ልጆች ወንበራቸውን አዙረው ያወራሉ፤ አንዷ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ተኝታለች፤ እኔ ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር የእነሱም ከፍ ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት ከጎን ክፍል ያለች፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረች መምህርት መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የክፍሉን ጠረጴዛዎች በአራት ማዕዘን ሥላ፣ እኔ በየሁለት ደቂቃው የቆምኩበትን በነጥብ ምልክት አድርጋለች። ነጥቦቹ ሁሉ ሰሌዳው አጠገብ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ጉንዳን ተጠጋግተው ነበር። ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች አጠገብ አንድም ነጥብ የለም። "ነገ እዚህ ቆመህ ጀምር" አለችኝ፣ እነዚያን አራት ልጆች በጣቷ እያሳየች። ሌላ ምክር አልሰጠችኝም። በማግስቱ ከኋላ ቆሜ ጀመርኩ፤ ድምፄን ሳልጨምር ክፍሉ ዝም አለ።

ይህን የማወራው ሜንተር የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ስም ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ብዙ ቦታ ስላለ ነው። እኔ የከፈልኩበት ፕሮግራም የመደበልኝ ሜንተር ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ "እንዴት ነህ?" የሚል ኢሜይል ይልክልኛል። ክፍሌን አይቶት አያውቅም። ያዳነችኝ ማንም ያልመደባት፣ ክፍያም የማታገኝ የጎን ክፍል መምህርት ናት። የእሷ ዓይነት ሰው በአጋጣሚ መገኘት የለበትም።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ፕሮግራሙን ደውላችሁ ጠይቁ። ሜንተሩ እኔ ባለሁበት ሕንጻ ውስጥ ነው የሚሠራው? የማስተምረውን ትምህርት ያስተምራል? በዓመት ስንት ጊዜ ክፍሌ ገብቶ ያየኛል? የራሴን ክፍል ከመረከቤ በፊት እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ስንት ሰዓት እቆማለሁ፣ ወይስ ቪዲዮ ማየትም ይቆጠርልኛል? ካለፈው ዓመት ምሩቃን ስንቱ ዛሬም እያስተማሩ ነው? ይህን የመጨረሻ ጥያቄ መልሱ ያለው ፕሮግራም በደስታ ይመልሳል። መልስ ከሌለው፣ ወይም ወሬውን ወደ ክፍያው ከመለሰባችሁ፣ ሌላ ፈልጉ። የፕሮግራሙንም የስቴት ዕውቅና በራሳችሁ፣ ከስቴቱ መምሪያ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ።

በዚህ መንገድ የመጡ መምህራን ይብሳሉ ወይ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ትምህርት ሚኒስቴሩ አስጠንቶ በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል ደረጃ የሚያስተምሩ የሁለቱንም መንገድ መምህራን አነጻጽሮ ነበር። በአማካይ የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ላይ ሁነኛ ልዩነት አላገኘም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ በአማራጭ መንገድ የሚገቡት ሙያውን ጥለው የሚወጡበት ፍጥነት ከፍ ይላል። ምክንያቱም ያልተዘጋጀ ሰው ከባዱ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ይጣላል፤ ማታ ደግሞ የራሱን የቤት ሥራ ይሠራል። በየዓመቱ አዲስ ጀማሪ የሚመጣባቸው ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው።

ገንዘቡ

የመምህር ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ በግል ድርድር አይወሰንም። ዲስትሪክቱ የሚያወጣው ሠንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል የአገልግሎት ዓመት፣ በሌላ በኩል የትምህርት ደረጃ ይቆጠራል። ሙያ ቀያሪ የሚጎዳው በዓመቱ በኩል ነው፤ ሃያ ዓመት መሐንዲስ ብትሆኑም ብዙ ዲስትሪክቶች ከመጀመሪያው እርከን ያስጀምሯችኋል። አንዳንዶቹ ግን ከትምህርቱ ጋር የሚያያዝ የሥራ ልምድን በከፊል ይቆጥራሉ። ይህ የሚደረገው ውል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ሲጠየቅ ነው፤ ከፈረማችሁ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። የቀድሞ አሠሪያችሁን ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ።

በሁለተኛ ሙያ የሚገባ ሰው ከደመወዙ እኩል ሊያስብበት የሚገባው ጡረታው ነው። የመምህራን ጡረታ የሚጸናው ከተወሰነ ዓመት በኋላ ነው። በቨርጂኒያና በቴክሳስ 5 ዓመት ነው፤ በሜሪላንድ ከጁላይ 2011 ወዲህ ለተቀጠሩት 10 ዓመት። ሃምሳ አምስት ዓመት ላይ ለሚጀምር ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ከቨርጂኒያ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ስምንት ዓመት አስተምሮ የወጣ ሰው የራሱን መዋጮ ይዞ ይሄዳል እንጂ ወርኃዊ ጡረታ አያገኝም።

ከዚህ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት ጡረታ፣ ጉዳይ አለ። ወደ 15 በሚጠጉ ስቴቶች፣ ከነሱም መካከል ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይና ማሳቹሴትስ፣ አብዛኞቹ መምህራን ሶሻል ሴኩሪቲ አይከፍሉም፤ በምትኩ የስቴቱን ጡረታ ብቻ ይከፍላሉ። ከ1983 ጀምሮ የነበረ ሕግ ደግሞ በሌላ ሥራው ሶሻል ሴኩሪቲ የከፈለ ሰው በኋላ በማስተማር ሌላ ጡረታ ካገኘ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያውን ይቀንስበት ነበር። ሙያ መቀየር ያስቀጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ሕግ በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በተፈረመው አዋጅ ተሽሯል። የቆዩ ጽሑፎች ላይ ማስፈራሪያውን ካነበባችሁ ጊዜው አልፎበታል።

ለእኛ ለስደተኞች ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። ሶሻል ሴኩሪቲ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት የሚሆን ሥራ ያስፈልጋል። አሜሪካ ከመጣ 7 ዓመት የሠራ ሰው 28 ክሬዲት ይኖረዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ በማይከፍል የቴክሳስ ዲስትሪክት ቢቀጠር ከዚያ በኋላ የሚያስተምርበት ዓመት ሁሉ እዚያ ቁጥር ላይ አንድም አይጨምርለትም። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ የሚከፍሉ ዲስትሪክቶችም ስላሉ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ጠይቁ፤ ካልከፈሉም የቀረውን 12 ክሬዲት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ረጅም ዕረፍት በሚሠራ ሥራ ወይም በትርፍ ጊዜ ሥራ ለመሙላት ዕቅድ ያዙ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መምህራን ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሚከፍሉ ይህ ችግር የለም።

የፌዴራል የተማሪ ብድር ያለባችሁ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ልጆች በሚያስተምር ትምህርት ቤት 5 ተከታታይ ዓመት ካስተማራችሁ ከብድራችሁ ሊሰረዝ የሚችል ገንዘብ አለ። ለሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ሳይንስ እንዲሁም ለልዩ ፍላጎት መምህራን እስከ 17,500 ዶላር፣ ለሌሎች እስከ 5,000 ዶላር። የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የብድር ምሕረት ደግሞ 120 ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቁጠር አይቻልም፤ ስለዚህ ብድራችሁ ትልቅ ከሆነ የትኛው እንደሚሻል ከመጀመሪያው አስሉ።

ስቴት ለመቀየር የምታስቡ ከሆነ ጊዜያዊው ፈቃድ አብሯችሁ እንደማይሄድ እወቁ። በስቴቶች መካከል ያለው መቀባበል በአብዛኛው የሚሠራው ለሙሉ ፈቃድ ነው። በኢንተርኔት ብቻ ፈቃድ የሚሰጡ አንዳንድ ፕሮግራሞችም በጥቂት ስቴቶች ብቻ ነው ተቀባይነት ያላቸው። ባለቤታችሁ ሥራ ቀይሮ ልትነሱ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱ፣ ከዚያ ተነሱ፤ ካልሆነም የምትሄዱበት ስቴት ውስጥ ጀምሩ።

ለዚያች እህት በመጨረሻ የነገርኳት ሥራዋን ወዲያው እንዳትለቅ ነው። አሻራ ሰጥታ፣ በካውንቲው በተተኪ መምህርነት እንድትመዘገብ መከርኳት። በዕረፍት ቀኗ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ የቀሩትን መምህራን ክፍል ትይዛለች፤ ለዚህ የማስተማር ፈቃድ አያስፈልግም፣ ክፍያውም መጠነኛ ነው። ስድስት ሳምንት ከሠራች በኋላ ደወለችልኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ስትሸፍን አንድ ልጅ መምህሩ ትቶላቸው የሄደውን ሥራ አልሠራም ብሎ ቁጭ እንዳለ፣ እሷም አጠገቡ ወንበር ስባ የሕዋስ ሥዕሉን አብራው መሣል እንደጀመረች ነገረችኝ። ደወሉ ሲደወል ልጁ "ነገም ትመጫለሽ?" ብሏታል።

በማግስቱ ጠዋት ለወንድሟ ውክልናውን ልካ ትራንስክሪፕቷን አዘዘች።